አይሊ ትቀዝፋለች፣ ኦይቫ ይመራል

የጎረቤቶቼን የአይሊንና የኦይቫን ነገር እኔ የማወራው እነሱ ስለ ራሳቸው ስለማያወሩ ነው። እኔ ኡርፖ እባላለሁ። እዚሁ ፓይያነ ሐይቅ ዳር ታክሲ ስነዳ ነው ያረጀሁት። ታክሲ ነጂ እንደ ቄስ ነው፤ ሰው ከኋላው ተቀምጦ የሆዱን ይዘረግፍለታል። ልዩነቱ ቄሱ ፊት ለፊት እያየ ይሰማል፣ እኔ ዓይኔን መንገዱ ላይ ተክዬ እሰማለሁ። በመንደራችን ሰው የልቡን የሚናገረው ማንም በማያየው ጊዜ ስለሆነ ከቄሱ ይልቅ እኔ ብዙ ሳልሰማ አልቀርም።

አይሊ የደሴት ልጅ ናት። አባቷ ከመንደሩ ፊት ለፊት ባለው ደሴት ላይ ላሞች ያረባ ነበር። ወተቱን በብረት ጋን አድርጋ በየጠዋቱ እየቀዘፈች ወደዚህ የምታሻግረው እሷ ነበረች። ኦይቫ የመጣው ግንድ በውሃ ላይ እየነዱ ወደ ፋብሪካ ከሚያወርዱት ሰዎች ጋር ነው። ሰዎቹ ደሴቱ ላይ ያድሩ ስለነበር አንድ ጠዋት ከወተቱ ጋር እንድታሻግረው ጠየቃት። እሺም እምቢም አላለችውም፤ ጋኑን ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችለት። ከጀልባዋ ኋላ ተቀመጠ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ከኪሱ የዓሣ ክር አወጣና አንዱን ጫፍ ከእግሩ አውራ ጣት ጋር አሰረ። በሌላው ጫፍ ራሱ በቢላ የጠረባት የእንጨት ዓሣ ነበረች።

እኛ ዘንድ ትራውት የሚባለው ዓሣ የሚጠመደው እንዲህ ነው። ጀልባዋ ስትሄድ የእንጨቷ ዓሣ ከሩቅ እየተወዛወዘች ትከተላለች። ያ ጎኑ ነጠብጣብ የሆነው ትልቅ ዓሣ ነፍስ ያላት መስላው ይውጣታል፤ አልፎ አልፎም ዘመዱ ሳልመን ይሳሳታል። አንዱ ሰው ይቀዝፋል፣ አንዱ ክሩን ይይዛል፣ ሁለቱም ዝም ይላሉ።

ኦይቫ በዚያ በጋ ሥራ ባለ ቁጥር ተሻገረ፤ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። በሚቀጥለው በጋም መጣ፤ ያው ዝም። በሦስተኛው በጋ ወደቡ ጋ ሲደርሱ ጫማውን እያጠለቀ፣ «በደንብ ትቀዝፊያለሽ» አላት። አይሊ ወደ ደሴቱ ተመልሳ ለእናቷ ላገባ ነው ብላ ነገረቻት። እናትየዋም አልተገረመችም፤ ይሄን ያህል ቃል ካወጣ ቁርጠኛ ነው አለች አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሯቸው እንደማንኛችንም ነው። እሱ የእንጨት ፋብሪካ ገባ፣ እሷ የትምህርት ቤቱን ወጥ ቤት ያዘች። ልጆች ወለዱ፣ ልጆቹ አድገው ሄልሲንኪ ገቡ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን፣ በረዶው ከቀለጠበት ቀን አንስቶ ሐይቁ ተመልሶ በረዶ እስኪሆን ድረስ፣ ሁለቱ ጀልባ ላይ ናቸው። አይሊ ትቀዝፋለች፣ ኦይቫ ከኋላ ተቀምጦ በአጭር መቅዘፊያ አቅጣጫ እየያዘ ይመራል። የሚቀዝፍ ሰው ጀርባውን ለመንገዱ ይሰጣል፤ የሚያየው ከጀልባዋ ኋላ የተተከሉትን የማጥመጃ ዘንጎችና ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው ነው። የሚመራው ደግሞ ፊቱ ወደፊት ነው፤ መንገዱንና የቀዛፊውን ፊት ያያል። እንግዲህ እነዚህ ሁለት ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጠው እየተያዩ ዝም ሲሉ ኖሩ። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል የሚባለው ለነሱ ሲሆን እውነት ነው።

ከሁለት ዓመት በላይ ይሆናል፣ ጡረታ ልወጣ ስል፣ ኦይቫን ከተማ ሆስፒታል ወሰድኩት። ለአይሊ የመኪና ዕቃ ልገዛ ነው ብሏት ነበር፤ መኪናውን ከሸጠ እኮ ቆይቷል። ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ነው የተናገረው።

«ዓይኔ ሊሄድ ነው» አለኝ።

«ምን?»

«መሃሉ ነው የሚጠፋው። ዳር ዳሩ አለ። ቀጥ ብዬ ያየሁት ነገር ይጠፋል፤ ዓይኔን ገሸሽ ሳደርግ ይመለሳል። ሐኪሟ መድኃኒት የለውም አለችኝ።»

«ታዲያ ለአይሊ ንገራታ።»

«እንዳትሞክረው! ካወቀች አንድ ቅዳሜ አትወጣም። እሷ ያለ መቅዘፊያ ምኑን ኖረችው? ማልልኝ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ውሃው ውስጥ ድንጋይ እንደ ድንች ነው የተዘራው። ሳታይ እንዴት ልትመራ ነው?»

«ሐይቁን በጭንቅላቴ አውቀዋለሁ። ማልልኝ አልኩህ።»

ማልኩለት። ምን ላድርግ፣ ኦይቫ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ሲለምን የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መኪናውን ቤቱ ደጃፍ ሳቆም ጨመረልኝ፦ «ፊቷን ካየሁ ፊት የላትም፣ ኡርፖ። አጠገቧ ያለውን ውሃ ካየሁ ግን በዓይኔ ጥግ ትመጣለች። ስለዚህ ውሃውን አያለሁ።»

ይሄን በሆዴ ይዤ ብዙም ሳልቆይ ደግሞ አይሊ መጣች። ገበያ አድርሰኝ ብላ ገባችና ቀኝ እጇን በግራ እጇ ደግፋ በሩን ስትዘጋ አየሁ።

«እጅሽን ምን ሆንሽ?»

«ትከሻዬ ነው። ተበልቷል አሉኝ። መቅዘፍ ተዪ አሉኝ።»

«ተዪዋ።»

«እብድ ነህ? ኦይቫ ያለ ትራውት ምኑን ኖረው? እንዳትነግረው ብቻ፣ ጉድ ይፈላል። ማልልኝ።» ለሷም ማልኩላት። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ «የነገሩትም ይመስለኛል» አለች።

«ማን ይነግረዋል?»

«እንጃ። ብቻ አያየኝም። ድሮ ጀልባ ላይ ስንሆን ያየኝ ነበር፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። አሁን ውሃ ውሃውን ነው የሚያየው። ፊቱን ከኔ አዙሮ። እንደ ድሮው መቅዘፍ ስላቃተኝ አስጠላሁት መሰለኝ። ያገባኝ በደንብ ትቀዝፊያለሽ ብሎ ነው እኮ፣ ሌላ ምንም አላለኝም።»

እኔ ዓይኔን መንገዱ ላይ ተክያለሁ።

«ጠይቂው» አልኳት።

«ምን ብዬ?» አለችኝ። ልክ ራቁትሽን ገበያ ውጪ ያልኳት ይመስል ነበር።

እኔ የኛን ሰው ጠባይ የማውቀው ተወልጄበት ነው፤ ግን አንዳንዴ ያናድደኛል። ዝም አይነቅዝም እያልን አደግን፤ ይነቅዛል እንጂ! ሁለት ሰው አንድ አልጋ ላይ እያደሩ፣ አንዱ ሊታወር ሌላው ክንዱ ሊወልቅ፣ ሁለቱም ለሌላው ሲሉ ይደብቃሉ። ምስጢራቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ መናገር የማልችለውም እኔ ነኝ። ለሁለቱም ምያለሁ፤ ለአንደኛው ብተነፍስ ሁለቱንም ከዳሁ። ያ ብቻ አይደለም፤ የማያይ ሰው እየመራ፣ ጀርባዋን ለመንገዱ የሰጠች ሴት እየቀዘፈች፣ ሐይቁ መሃል ሊገቡ ነው።

ስለዚህ የምችለውን አደረግሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እነሱ ሲወጡ እኔም በሞተር ጀልባዬ እየወጣሁ ከሩቅ መከተል ጀመርኩ። ይሄ እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ የውሃ ሰው ያውቀዋል። ዓሣ የሚበላበት ቦታ እንደ ርስት ነው፤ አባት ለልጁ ሲሞት ነው የሚናገረው። ኦይቫን ትራውቱን ከየት ያዝከው ብለህ ብትጠይቀው «ከከንፈሩ» ነው የሚልህ። የሰው ጀልባ እየተከተሉ መሄድ ጓዳ ገብቶ ድስት እንደመክፈት ነው።

መንደሩ ወዲያው አወቀ። ሱቅ ስገባ ሬይኖ ባለሱቁ፣ «ኡርፖ፣ ጡረታ ወጥተህ ሌብነት ጀመርክ አሉ?» አለኝ ሰው እየሰማ።

«አየር እየተቀበልኩ ነው።»

«አየሩ ሁልጊዜ ከኦይቫ ጀልባ ኋላ ነው የሚነፍሰው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ኦይቫ ራሱ በአጥር በኩል መጥቶ፣ «አንተን ጎረቤት ብዬ ነበር» አለኝና ሄደ። ለምን እንደምከተል እንዴት አይገባውም? ምናልባት ገብቶታል፤ ይሄ ደግሞ የባሰ ያናድደዋል። አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ወደሚጠራራበት የእንፋሎት መታጠቢያቸው፣ ሳውናቸው፣ አልጠሩኝም።

ባለፈው ሰኔ የመንደሩ የቀዘፋ ውድድር ደረሰ። ሞተር የለም፣ በመቅዘፊያ ብቻ፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ዓሣ እየጎተቱ መዋል ነው። ከባድ ዓሣ ያመጣ ያሸንፋል። ጀርባው ላይ፣ ከጭራው ቀደም ብሎ ያለችው ትንሿ ለስላሳ ክንፍ የተቆረጠች ከሆነ ዓሣው እርባታ ጣቢያ ያደገ ነውና ይወሰዳል፤ ካለች ግን የሐይቁ የራሱ ልጅ ነው፣ ይለቀቃል። አይሊና ኦይቫ ውድድሩ ከተጀመረ ጀምሮ ቀርተው አያውቁም። እኔ እንደ ዕድል ሆኖ በዚያ ዓመት የአደጋ ጀልባ ነጂ አድርገው መድበውኝ ነበር፤ መከተሌ ለአንድ ቀን ሕጋዊ ሆነ።

ጠዋት ደህና ነበር። ነፋስ ትንሽ፣ ደመና ትንሽ። ራቅ ብዬ ሳያቸው አይሊ በየጥቂቱ ቀኝ መቅዘፊያዋን ስታሳርፍ ይታየኛል። ቀኝ ክንዷ ሲደክም ጀልባዋ ወደ ግራ ትጎትታለች፤ ኦይቫ በአጭር መቅዘፊያው ይመልሳታል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ወደ ደሴቱ ቀረቡ። ከደሴቱ በታች የቄሱ ድንጋይ የምንለው አለ፤ ድሮ አንድ ቄስ ከሰርግ ሲመለስ የተሰበረበት። ውሃው ሲሞላ አይታይም፤ በዚያ ሰኔ ግን ጎድሎ ስለነበር ጀርባው ሊወጣ ምንም አልቀረውም።

የኦይቫ ዘንግ ጎብጣ ስትወርድ ከሩቅ አየሁ። ዓሣ! ኦይቫ አጭሩን መቅዘፊያ ጥሎ ዘንጓን ያዘ። እንዲህ ሲሆን ቀዛፊው መቆም የለበትም፤ ክሩ ከላላ ዓሣው ያመልጣል። አይሊም እንደ ልማዷ መቅዘፏን ቀጠለች። ቀኝ ክንዷ ግን ደክሟል፣ የሚመልስም የለም፤ ጀልባዋ ዝም ብላ ወደ ግራ፣ በቀጥታ ወደ ድንጋዩ ዞረች። ኦይቫ ደግሞ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደዚያው ያያል፤ ቀጥ ብሎ ያየው ነገር እንደሚጠፋበት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

«ድንጋይ! ኦይቫ፣ ድንጋይ!» ብዬ ጮህኩ። የራሴ ሞተር ድምፄን በላው።

ቋ አለ። እንጨት ሲሰበር ሆድ ውስጥ ነው የሚሰማው። ስደርስ ጀልባዋ ተሰንጥቃ ውሃ እየጠጣች ነው፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ድንጋዩ ላይ፣ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል። የሰኔ ውሃችን በረዶው ከቀለጠ ገና ወር ቢሞላው ነው።

«ግቡ! ቶሎ ግቡ!» አልኳቸው ጀልባዬን እያስጠጋሁ።

«ቆይ፣ ዓሣ ይዣለሁ» አለ ኦይቫ።

እውነቱን ነው፣ ዘንጓን አለቀቃትም። አይሊም ምንም እንዳልተፈጠረ በግራ እጇ መረቡን ከሚሰምጠው ጀልባ ውስጥ አነሳችና ዓሣውን ቀለበችው። ትልቅ ትራውት ነበር፣ ያን ቀን ያሸንፍ የነበረ። ኦይቫ ጎንበስ ብሎ ጣቱን በዓሣው ጀርባ ላይ ወደ ጭራው አሻሸ። ድሮ ገና መረብ ሳይገባ በዓይኑ ይለይ ነበር።

«ክንፏ አለች» አለና መንጠቆውን አውጥቶ ለቀቀው።

አይሊ ጣቱን ስታይ ነበር። «ለምን በጣትህ ፈለግካት?»

«እንዲሁ።»

«ድንጋዩንስ? የቄሱን ድንጋይ አላየኸውም?»

«አላየሁትም።»

«ዕድሜህን ሙሉ የምታውቀውን ድንጋይ?»

«አይሊ፣ አላይም።»

«አላይም ማለት ምን ማለት ነው?»

«አላይም ማለት አላይም ነዋ! ሁለት ዓመት ሆነ። ኡርፖን ጠይቂው።»

ወደኔ ዞረች። ከዚህ ዓይነት አስተያየት ውሃው ይሻል ነበር። «አንተ ታውቃለህ?»

«አስምሎኝ ነው» አልኩ።

«እሺ፣ የኔንስ ነገርከው?»

«ኧረ አንቺም አስምለሽኛል! በእግዜር፣ ጀልባዬ ውስጥ ግቡና ከፈለጋችሁ እዚያ ተጣሉ!»

«ያንቺን ምኑን?» አለ ኦይቫ።

«ትከሻዬ አልቋል። ቀኙ። ተዪ ካሉኝ ቆይቷል።»

«እኔ እኮ ጀልባዋ ወደ ግራ ስትሄድ ነፋስ ነው ብዬ ነበር።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ ወገን የሚነፍስ ነፋስ አይተህ ታውቃለህ? ደንቆሮ!»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ? ደግሞ አስጠላሁህ ብዬ ነበር። እንደ ድሮው ስለማልቀዝፍ ልታየኝ እንኳ የጠላህ መስሎኝ ነበር።»

«ማነው አንቺን የማያይ?»

«አንተ! ውሃ ውሃውን አይደል እንዴ የምታየው!»

አይሊን ስትጮህ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ኦይቫ ፊቱን ቀስ ብሎ ከሷ አዞረ፣ ወደ ደሴቱ፣ አባቷ ቤት ወደነበረበት በኩል። እሷም ይኸው እንደገና ዞረብኝ ብላ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«አሁን ነው የማይሽ» አለ ወደዚያ እያየ። «ቀዩን ሻርፕ አድርገሻል። እጅሽን ወገብሽ ላይ ይዘሻል። ተቆጥተሻል። ፊት ለፊት ሳይሽ ነው የምትጠፊው። ታዲያ ምን ልሁን? እንዳትጠፊብኝ ውሃ ውሃውን አየሁ።»

አይሊ በውሃው ውስጥ እግሯን እየጎተተች ዞራ ፊቱን ልታይ በፊቱ ሄዳ ቆመች።

«እዚያ አይሆንም» አላት። «እዚያ የለሽም።»

ወደ ነበረችበት ተመለሰች። እዚያው፣ በጎኑ በኩል፣ ሻርፗን አስተካክላ ቀጥ ብላ ቆመችለት። እኔ አለቀስኩ። የሞተሩ ጭስ ነው ብዬ ፊቴን ጠረግሁ፤ ሞተሩን ካጠፋሁት ቆይቷል።

የተሰበረችውን ጀልባ ጎትቼ አመጣኋቸው። ወደቡ ላይ ሬይኖ ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ፣ «ኦይቫ፣ የቄሱን ድንጋይ ያዝከው አሉ? ስንት ኪሎ ሆነ?» አለ። ኦይቫ ሳቀ፤ መሳቁ ሬይኖን አስደነገጠው። ለተወዳዳሪዎቹ የቀረበውን የሳልመን ሾርባ ሳንጠጣ ሄድን፤ ለነገሩ ዓሣው ከኖርዌይ የመጣ የሬይኖ ሱቅ ዓሣ ነው፣ በየዓመቱ ያው ነው። ሳውናዬን አነደድኩላቸው። ሁለቱ ከላይኛው መደብ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ በግድግዳው በኩል ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር። ምን እንዳወሩ አላውቅም፤ ብዙ ነበር ግን። እንጨት ሁለት ጊዜ ጨመርኩ።

ጀልባዋን እኔና ኦይቫ ጠገንናት። እሱ በእጁ እየዳሰሰ፣ እኔ ምስማር እያቀበልኩ። ስንጨርስ ማን ይቀዝፋታል የሚለውን ማንም አላነሳም፤ አይሊ እስክታነሳው ድረስ። እሷ ወጥ ቤት ስትመራ የኖረች ሴት ናት።

«ቦታ እንለዋወጥ» አለች።

«ምን?»

«የሚቀዝፍ ሰው ወደፊት አያይም፤ አንተም አታይም። የሚመራ ሰው አንድ ክንድ ይበቃዋል፤ እኔም ያለኝ አንድ ነው።»

ኦይቫ አይሆንም አለ። ከድሮ ጀምሮ አይሊ ናት የምትቀዝፈው አለ። ሰው ይስቅብናል አለ። እኔም በሆዴ፣ ይሄን ያህል ጊዜ ለምን አላሰባችሁትም ብዬ ተናደድኩ። መልሱን ግን አውቀዋለሁ፤ ለማሰብ አንዱ መጠየቅ ነበረበት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወጡ። እኔ አልተከተልኳቸውም፤ ወደቡ ላይ ቆሜ ነው ያየሁት። አይሊ ከኋላ ተቀምጣ አጭሩን መቅዘፊያ በግራ እጇ ይዛለች። ኦይቫ ይቀዝፋል፣ ከቀዘፋ ከተቆጠረ፤ አንዱ መቅዘፊያ ውሃውን ሲመታ ሌላው አየሩን ይመታል፣ ጀልባዋ እንደሰከረ ሰው ናት። የእንጨቷ ዓሣ ከኋላ ግራ ገብቷት ትዘላለች። ውሃው የረጋ ስለነበር ድምፃቸው እስከ ወደቡ ይሰማል።

«ወደ ቀኝ» አለች አይሊ። «ሌላው ቀኝ።»

ጥቂት ቀዘፈ። ትንፋሹ ሲቆራረጥ ይሰማል።

«በደንብ እቀዝፋለሁ?» አላት።

«በጭራሽ» አለች። በአጭሩ መቅዘፊያ ጀልባዋን መለስ አድርጋ፣ «ግን ቅዘፍ» አለችው።

ኦይቫ ፊቱን ከሷ ወደ ውሃው አዞረና መቅዘፉን ቀጠለ።